ለዳለቻ እውነቱን የነገርኩ ቀን

ዘንድሮ የፋሲካ ማግስት፣ ደብረ ማርቆስ ከቤቴ በር ፊት ለፊት አስፋልቱ ዳር ላይ ቆዳ ተከምሮ አየሁ። ድሮ በጉ ተገፍፎ ሳያልቅ «ቆዳ ያለው!» የሚል ሰው በሩን ያንኳኳ ነበር። አሁን ፈላጊ ስለጠፋ ሰዉ እያወጣ ይጥለዋል። አንዳንዱ ለወጉ ያህል ጨው ነስንሶበታል፤ ሌላው እንደተገፈፈ ተዘርግቷል። ጎረቤቶቼ አፍንጫቸውን ይዘው ያልፋሉ። እኔ ግን እንደ ሞኝ ቆሜ ቀረሁ። ጨውና ጥሬ ቆዳ አንድ ላይ ሲሸተኝ በዓል አይታየኝም። ሁዳዴ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አክስቴ እንጉዳይ ቤት ነኝ፤ ከማንም ጋር አልነጋገርም።

እናቴ እዚሁ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ ሻይና ቦንቦሊኖ ትሸጥ ነበር። አባቴ ገና ጡት ሳልጥል ነው የሞተው፤ አላውቀውም። ያን ዓመት ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ በአንድ ሐሙስ ጠዋት፣ እናቴ አዲስ ጫማ አድርጋልኝ ጉንደ ወይን በሚሄደው አውቶቡስ አሳፈረችኝ። ይዛኝ የምትሄደው የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ እንጉዳይ ነበረች። ከዚያ በፊት ያየኋት ሁለቴ ቢሆን ነው። «እሑድ መጥቼ እወስድሻለሁ» አለችኝ እናቴ። አክስቴ ይህ ሲባል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።

እሑድ ፊቴን ታጥቤ፣ አዲሱን ጫማዬን አድርጌ፣ ከአክስቴ ቤት በላይ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ያ መንገድ መኪና አያውቅም፤ ከጉንደ ወይን በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። እኔ ግን እናቴ ገና ከሩቅ ብቅ ስትል በአረንጓዴው ሹራቧ እንደምለያት እርግጠኛ ነበርኩ። አክስቴ ሦስት ጊዜ እየመጣች «ግቢ እንጂ፤ ብርድ ነው» አለችኝ። በሦስተኛው አጠገቤ ቁጢጥ ብላ፣ እናቴ ዓረብ አገር እንደሄደች፣ ሁለት ዓመት እንደምትቆይ ነገረችኝ። አላለቀስኩም። ከእንግዲህ የዋሸኝን ሰው አላናግርም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ሰንበት ትምህርት ቤት «በሐሰት አትመስክር» የሚለውን በቃሌ ስላጠናሁ እግዚአብሔርም ከእኔ ወገን ነው ብዬ አስብ ነበር።

አክስቴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሴት ናት። እንጉዳይ እዚያ አገር የታወቀ የሴት ስም ነው፤ እኔ የከተማዋ ልጅ ግን ሰው እንዴት በሚበላ ነገር ይጠራል እያልኩ በልቤ ስስቅባት ከረምኩ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለደችም። ከሰው ይልቅ ከላሟ ጋር ስታወራ ነው የምትሰማው። ላሟ አመድማ ስለሆነች ዳለቻ ትባላለች፤ እኔ ስመጣ እርጉዝ ነበረች። የቀበሌው ትምህርት ቤት በመንፈቅ ዓመት ተማሪ አንቀበልም ስላለ ቀኑን ሙሉ የምውልበት አልነበረኝም። የጎረቤት ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ሲመለሱ በአጥሩ ቀዳዳ አያቸዋለሁ፤ እነሱም ያዩኛል፤ ነገሩ በዚያው ይቀራል።

ያን እሑድ ባሳለፍኩ በማግስቱ ጠዋት፣ አክስቴ የእናቴን አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ ቀሰቀሰችኝ።

ራሱ ነው፤ ሁለት ትልልቅ ጥቁር ቁልፍ ያለው። እጅጌው ለእሷ አጥሮ ክርኗ ሥር ቀርቷል፤ ደረቷ ላይ አልገጠመም። የቦንቦሊኖ ዘይትና የሻይ ቅርንፉድ ሸተተኝ፤ ዓይኔን ሳልገልጥ እናቴ የመጣች መሰለኝ። ስገልጥ አክስቴ ናት። እንጀራውን በሽሮ ይዛ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ «ብይ» አለችኝ። ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ፀሐይ ሲወጣ ሹራቡን አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። በማግስቱም እንደዚያው፤ በሳልስቱም። እናቴ ስትሄድ የረሳችውን ሰርቃባታለች አልኩ። ስለዚህ አክስቴ ሌባም ዋሾም ሆነችብኝ። እንጀራዋን ግን እሷ ስትወጣ ጠብቄ እበላ ነበር፤ ረሃብ ቂም አያውቅም።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናቴ ትደውላለች። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ አናት ላይ ብቻ ነው። አክስቴ ትንሿን ስልኳን በመሐረብ ጠቅልላ፣ እኔን አስከትላ ትወጣለች፤ ሲጠራ ጆሮዬ ላይ ታስይዘኛለች። «ሰላምዬ? ሄሎ? ሰላም፣ ትሰሚኛለሽ?» ይላል ድምፁ። እሰማለሁ። አፌን ግን አልከፍትም። እናቴ ትጠብቃለች፣ ትጣራለች፣ በመጨረሻ ታለቅሳለች። አክስቴ ስልኩን ትቀበለኝና «ትሰማሻለች፤ ደህና ናት። ተያት፤ ዝም አይነቅዝም» ትላታለች። ዝም ማለቴ እናቴን ይበልጥ የሚጎዳት መሆኑን አውቅ ነበር፤ ለዚያው ነበር ዝም የምለው።

ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ዳለቻ ወለደች። አመድማ ወንድ ጥጃ ነበር፤ ሁለት ቀን ውሎ አድሮ ሞተ። በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን የአያ ተመስገን ላም ሣር ፍለጋ ገደል አፋፍ ወርዳ ተንከባላ ሞተች፤ የአራት ቀን ሴት ጥጃ ትታ። አያ ተመስገን ሽማግሌ ናቸው፤ ጨዋታ ይወዳሉ፤ ጥጃዋን በጋቢያቸው አቅፈው ሲመጡ ግን ቀልድ የለም። ዳለቻ የሞተ ልጇን ቦታ እያሸተተች ታገሳለች። ጭድ አትቀምስም። አክስቴ ልታልባት ስትሞክር ወተቷን ያዘች።

«ቆዳውን አልጣልሽውም አይደል?» አሉ አያ ተመስገን።

«ገፍፌ ጨው ነስንሼበታለሁ» አለች አክስቴ።

ቆዳውን አምጥተው ቀይዋ ጥጃ ላይ አለበሷት። እግር እግሩ ላይ በገመድ፣ ሆዷ ሥር አንድ ቦታ አሰሩት። ጥጃዋ በሰው ካፖርት ውስጥ የገባች ሕፃን መሰለች፤ በጅራቷ ላይ የቆዳው ጅራት ተደርቦ ሁለት ሆነ። በሳቅ ልፈነዳ ስል ዳለቻ ቀረበች። አሸተተች። ጨዉን ላሰች፤ ከጀርባዋ ጀምራ እስከ አንገቷ ላሰቻት፤ በሆዷ ውስጥ የሆነ ቀጭን ድምፅ አሰማች። ጥጃዋ ጡቷ ሥር ገባች።

«አየሽ?» አሉኝ አያ ተመስገን። «ላም የምታየው በአፍንጫዋ ነው። የራሷ ልጅ ይመስላታል። ይኸው ወተቷንም ታወርዳለች፤ መኖም ትበላለች።»

አክስቴን ቀና ብዬ አየኋት። መሬት መሬቱን ታያለች። ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ጫፍ የምትቀመጠው፣ ሹራቡ፣ «ብይ» የምትለው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ። ሌባ አልነበረችም። እኔን ነው እንደ ላም ያደረጉኝ። ከፊቴ እስከ እግሬ ነደደኝ። ሁሉም ያውቃሉ ማለት ነው፤ እናቴም፣ አክስቴም፤ ያላወቅነው እኔና ዳለቻ ብቻ ነን።

አምስት ቀን ቻልኩ። በስድስተኛው አክስቴ ቅዳሴ ሄደች፤ በሁዳዴ ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ግቢው የእኔ ሆነ። ወደ በረቱ ገባሁ። ዳለቻ እያመሰኳች ቆማለች። አንገቷን አቅፌ፣ በጆሮዋ፣ ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብዬ ነገርኳት። «ይቺ ያንቺ ልጅ አይደለችም። ያንቺ ሞቷል። እያታለሉሽ ነው» አልኳት። ለሰው የነፈግሁትን ቃል ለላም ስሰጥ ድምፄ ሻክሮ ነበር። ጆሮዋን አራገፈች። በቃል እንዳልገባት ሳይ ወደ ጥጃዋ ሄጄ ገመዱን አንድ በአንድ ፈታሁት። ቆዳው ደርቆ ዝንብ ወሮታል፤ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ገፍፌ በአጥሩ ላይ ወደ ውጭ ወረወርኩት።

ምን እንደጠበቅሁ አሁንም አስታውሳለሁ። ዳለቻ የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር።

ጥጃዋ የለመደችውን ልትጠባ ስትጠጋ ዳለቻ አሸተተቻት፤ በአፍንጫዋ እፍ አለች፤ በቀንዷ ጎን አንስታ ጣለቻት። ጥጃዋ ተነስታ ደግማ ስትሄድ በእግሯ ረገጠቻት፤ የበረቱ ድንጋይ ላይ ወደቀች። ከዚያ ዳለቻ በረቱን ትዞር ጀመር። ጥግ ጥጉን እያሸተተች፣ ከሆዷ እያወጣች ታገሳለች። ሁለተኛ ጊዜ ልጇ የሞተባት ያን ሰዓት ነው፤ ያረዳኋትም እኔ ነኝ። ሮጬ ቆዳውን ላመጣ ወጣሁ። የሰፈሩ ውሾች ተሻምተው ተርትረውታል፤ ያገኘሁት አንድ እግር ብቻ ነው።

አክስቴ ስትመለስ በረቱ በር ላይ ያንን እግር ይዤ ቁጭ ብዬ ነበር። አየችኝ፤ ጥጃዋን አየች።

«ቆዳውስ?»

«ውሾች» አልኩ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ የመለስኩላት የመጀመሪያ ቃል ነው።

አልመታችኝም። ብትመታኝ በወደድኩ። ነጠላዋን ሳታወልቅ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። አያ ተመስገን ጩኸቱን ሰምተው መጡ፤ ቆዳውን ከጥጃዋ ላይ መግፈፌን ስትነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ። «ለላም እውነቱን ነገረቻት? ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!» ጥጃዋን ቀርበው ሲያዩ ግን ሳቃቸው ጠፋ። በማግስቱ ጆሮዋ ወደቀ፤ በሳልስቱ መቆም አቃታት። የዳለቻ ጡት ተወጥሮ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ሲነኩት ትራገጣለች። የመንደሩ ላሞች የበጋ ሣር አጥተው አብዛኞቹ ነጥፈዋል፤ የተገኘውን ትንሽ ወተት አክስቴ በጣቷ እያስጠባች ጥጃዋን ሁለት ቀን አቆየቻት። ዳለቻ እንዲህ ከቆየች ትነጥፋለች፤ ጥጃዋም ትሞታለች፤ ይህን ማንም ሊደብቀኝ አልሞከረም።

«ቆዳ የለም። ከሌለ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው» አሉ አያ ተመስገን። «የኋላ እግሯ ይታሰር፤ ጥጃዋ ከጎን ሳይሆን በኋላ በኩል፣ በሁለት እግሯ መካከል ትግባ። እዚያ ልታሸታት አትችልም። በፊት በኩል ደግሞ አንድ ሰው ጨው በእጁ ይዞ ይቁም። ላሟ እሱን ትላስ።»

«ማን ይቁም? እኔ ጥጃዋን ልያዝ፤ እርስዎ ገመዱን» አለች አክስቴ።

ሁለቱም ወደ እኔ አልዞሩም። ተነስቼ ጨዉን አመጣሁ።

የላም ምላስ ወፍጮ ነው። መጀመሪያ ይኮረኩራል፣ ቀጥሎ ይፍቃል፤ በአራተኛው ቀን መዳፌ ተላጠ፤ ጨው ሲገባበት ያንገበግባል። ጠዋትና ማታ ፊቷ እቆማለሁ፤ ትንፋሿ ክንዴን ያሞቀዋል፤ በኋላዋ አክስቴ ጥጃዋን ደግፋ ታስጠባለች። ጥጃዋ ጡቱን በግንባሯ ስትጎስም የዳለቻ ጆሮ ወደ ኋላ ይዞራል። መላሷን ታቆማለች፤ ታዳምጣለች። ያኔ ሌላ ጭብጥ ጨው እጨምራለሁ። እንደገና ትልሳለች፤ ወተቱም ይወርዳል። ከጥጃዋ አፍ ወተት ሲመጠጥ የሚሰማውን ድምፅ ያህል ጓጉቼ የሰማሁት ነገር የለም።

በስድስተኛው ወይ በሰባተኛው ጠዋት «ታውቃለች» አልኩ።

«ማን?» አለች አክስቴ ከኋላ።

«ዳለቻ። ልጇ እንዳልሆነች ታውቃለች። ጆሮዋን አይቼዋለሁ።»

«መጀመሪያም ታውቅ ነበር» አለች አክስቴ።

«ታዲያ ቆዳው ለምንድን ነው?»

አክስቴ ጥጃዋ ጠብታ እስክትጨርስ ጠበቀች፤ አፏን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላት። «እንጃ፤ እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም» አለች። «የምታዝንበት ነገር ፊቷ ሲኖር ነው ወተቱ እሺ የሚላት። ባዶ ሜዳ ላይ ማዘን ለከብትም ይከብዳል።»

«ሹራቡስ?» አልኩ ፊቴን ወደ ዳለቻ እንዳዞርኩ።

የገመዱን ጫፍ የያዙት አያ ተመስገን ድንገት ሥራ እንደተገኘላቸው ሁሉ ገመዱን ይጠመጥሙ ጀመር። አክስቴ «እናትሽ ናት የሰጠችኝ» አለች። «‹ጠዋት ስትነሳ ታለቅሳለች፤ ይህን ልበሽላት› አለችኝ። እኔማ ይጠበኛል። ብብቴን ነው የሚይዘኝ።»

«አላለቀስኩም እኮ።»

«አዎ» አለች አክስቴ። «እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።»

በማግስቱ ሹራቡን ሳትለብስ መጣች። ሽሮውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች፤ አልጋው ጫፍ ለመቀመጥ አልደፈረችም። ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባ ነበር፤ ክንዷ ላይ ጠጉሯ ቆሟል። «ብርድ ነው፤ ልበሽው» አልኳት። ሳጥኑን ከፈተች። ለብሳው ስትቀመጥ ጠጋ ብዬ አሸተትኩት፤ ዘይቱም ቅርንፉዱም ጠፍቷል፤ ጭስና በረት ነው የሚሸተው። ያኔ አለቀስኩ። እየተንሰቀሰቅሁ ብዙ አለቀስኩ፤ አክስቴ አላባበለችኝም፤ እጅጌው እስኪርስ ድረስ ክንዷን ትታልኝ ተቀመጠች። ከዚያ እንጀራውን እፊቷ በላሁ።

ዳለቻ ሆሳዕና ሳይደርስ ያለ ጨው መቆም ጀመረች። ጥጃዋ በኋላ በኩል ትገባለች፤ ዳለቻ ፊቷን ወደ ጮቄ አዙራ እያመሰኳች ትጠብቃታለች። አንድም ቀን ግን ላሰቻት ብዬ አልዋሽም። የሌሎች ጥጆች ጠጉር እናታቸው እየላሰችው ሲያብረቀርቅ የእሷ ቆሞ፣ ተንጨባሮ ቀረ። አክስቴ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርግላት ነበር። እኔም አንዳንድ ቀን እየሄድኩ በጣቴ አበጥርላታለሁ፤ ትሸሸኛለች። ያደረግሁባትን የምታውቅ ይመስለኝ ነበር፤ አላስገደድኳትም።

የሆሳዕና ዕለት ዘንባባ በጣታችን ጠምጥመን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ወደ ጉብታው ወጣን። ንፋስ ነበር። አክስቴ ስልኩን ከመሐረቡ ፈትታ ጆሮዬ ላይ አስያዘችኝና ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች።

«ሰላምዬ? ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?»

«ጥጃዋ ጠባች» አልኩ።

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። ስመልሰው እናቴ ታለቅሳለች፤ እንደ ሌላ ጊዜው ተደብቃ ሳይሆን እየጮኸች፤ ከጀርባዋ አንዲት ሴት በማላውቀው ቋንቋ ስትቆጣት ይሰማኛል። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሰላምዬ፤ ተቀይመሽኛል አይደል? ዋሽቼሽ ስለሄድኩ ተቀይመሽኛል?»

ተቀይሜያት ነበር። መንገዱ ዳር ያለው ድንጋይ፣ ጫማው፣ ያ ሁሉ እሑድ እዚያው ደረቴ ላይ ነበር፤ ሊወርድም አላሰበም።

«አልተቀየምኩሽም» አልኳት።

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው፤ በማርያም።»

ለቅሶዋ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማሁ። ከዚያ እንደ ድሮዋ፣ ቦንቦሊኖ እያገላበጠች ወሬ እንደምትጠይቀኝ አድርጋ፣ የምን ጥጃ እንደሆነች ጠየቀችኝ። ገደል ከገባችው ላም ጀምሬ ነገርኳት፤ የጨዉን፣ የመዳፌን፣ የአያ ተመስገንን ሳቅ ሁሉ ነገርኳት። ቆዳውን የገፈፍኩበትን ቀን ብቻ ዘለልኩት።